የነበሩ ከሆነ ድንጋይ ያቀብሉ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ሰዓት! ጋቢም ደረቡልኝ። ከጎንደር የመጣው ኃላፊ የእኔን ስም ከሌላ ሰው አባት ስም ጋር አዳብሎ ጠራኝና «የልማት አርበኛ» ብሎ አጨበጨበልኝ። ለስላሳ ጠጣን፣ ተበተንን። ሰዓቱ ደባርቅ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀጭ ቀጭ ይላል። ባትሪው ሲያልቅ አልቀይርለትም።

እንዲህ ስል ሥራዬን የጠላሁ እንዳይመስላችሁ። የምጠላው ንግግር ነው። ሥራዬንማ እንዴት አድርጌ ወድጄው መሰላችሁ! ደርግ ከወደቀ ማግሥት ጀምሮ ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ስደረድር ነው ያረጀሁት። ሊማሊሞን ለማያውቅ ልንገረው። ከደባርቅ ወጣ ሲሉ ምድሩ ድንገት ያልቃል። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል። ከላይ ያለው አፈር መንገዱ ላይ መውደቅ ይፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ ገደሉ ውስጥ መውደቅ ይፈልጋል። የእኛ ሥራ ሁለቱንም እንቢ ማለት ነበር።

የምጽፈው ግን ስለ ሰዓቱም ስለ ጋቢውም አይደለም። በእጄ ሥር ስለሠሩ አንድ ፕሬዚዳንት ነው። አዎ፣ በእጄ ሥር፣ እኔ እየጮህኩባቸው። ሰው ሲሰማኝ ይስቃል፤ ይሳቅ። የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እዚያ ለመድረስ ከአያ መኩሪያ መጀመር አለብኝ።

ከመቀጠሬ በፊት ዳባት አጠገብ የሰው መሬት በእኩል አርስ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ስለጎዳው እጅ ያለው ሁሉ ይቀጠር ነበርና ሄድኩ። ውል ስፈርም አውራ ጣቴን ቀለም ነከሩልኝ። ደመወዙን አልናገርም፤ ብናገር ሚስቴ ዛሬም ትናደዳለች። ሊማሊሞ ላይ ከአንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፂሙ የሳሳ ሰው ጋር መደቡኝ። አያ መኩሪያ ይሄ ነው። ካቦአችን ነበር። ካቦ ማለት የሠራተኞች አለቃ ነው፤ የእኛ ካቦ ግን ከሁላችን ቀድሞ ያጎነብሳል።

ግንብ የሚሠራው ያለ ሲሚንቶ፣ በደረቅ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲያነሣ መጀመሪያ በመዳፉ ይዳስሰዋል። «ድንጋይ ፊት አለው፣ ሆድ አለው፣ ጅራት አለው» ይለኝ ነበር። «ፊቱን ለመንገደኛ፣ ጅራቱን ለተራራው ስጥ።» አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ረጅሙን ጎን በውጭ በኩል አጋድሞ ያሳምራል፤ ግንቡ ቶሎ ያደገ ይመስላል። አያ መኩሪያ አይቆጣም። መጥቶ ይነቅለዋል፣ ያዞረዋል፣ ረጅሙን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ ይሄዳል። እኔ የደረደርኩትን ሲነቅልብኝ ሰነበተ። ሰደብኩት፣ በልቤ። ኋላ ገባኝ፤ ተራራውን ነክሶ የሚይዘው ጅራቱ ነው።

ደግሞ በየቦታው የውሃ ዓይን ይተዋል። ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀም ዝናብ የሚወጣበት ክፍተት ማለት ነው። ግንቡ ሲያልቅ «አለቀ» አይልም። በጀሪካን ውሃ ያስመጣና ከኋላ በኩል ያፈስሳል። ከዚያ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። ውሃው በዓይኑ ወጥቶ ወደ ታች ሲንጠባጠብ ድምፁን ይሰማል። ያኔ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይነሣል። ውሃው ካልወጣ፣ ምንም ሳይናገር፣ ግንቡን ማፍረስ ይጀምራል። የሠራነውን ራሱ ሲያፈርሰው እያየን ስንቴ ልናለቅስ ደርሰናል።

ሌላው ልማዱ ናዳ ላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ መኪና ሁሉ ይቆምና ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። አያ መኩሪያ ቆሞ የሚያይ ሰው አይወድም። ጠጋ ይልና በለሰለሰ ድምፅ «እግርዎ ነው ወይስ ልብዎ ነው የታመመው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ይቆማል? ሰው ተሰልፎ ድንጋይ እየተቀባበለ ያደርሳል። ቄሱ ጥላውን አጥፎ ይገባል፤ ነጋዴው በጉን አስሮ ይገባል፤ የወረዳ ሰው ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያቀብል አይቻለሁ። የትም አልተጻፈም፤ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ስለ መጻፍ ካነሣሁ አይቀር፣ እንዴት እንደተማርኩ ልናገር። አንድ ጊዜ ምልክት ትከሉ ተብለን የተጻፈባቸው ቆርቆሮዎች መጡልን። እኔና ትብለጥ ተከልን። ትብለጥ የቡድናችን የቀን ሠራተኛ ናት፤ ያን ጊዜ ጎረምሳ የምታስፈራ ልጃገረድ ነበረች፣ ጉልበቷም ምላሷም። ሁለታችንም ፊደል አናውቅም። ጥሩ አድርገን በድንጋይ አጥብቀን ተከልነው። በማግሥቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አቆመና አንገቱን አውጥቶ «ይሄ ለማን ነው የተጻፈው፣ ለአሞራው?» አለን። ተዘቅዝቆ ነበር። «ናዳ አለ፣ ተጠንቀቅ» የሚለው እግሩ ወደ ሰማይ!

ትብለጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ሾፌሩን ሰደብኩት። በሳምንቱ ግን ደባርቅ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ጉልበቴ ከልጆች ዴስክ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። መምህሬ ከሴት ልጄ ታንሳለች፤ «ጋሼ ሞላ፣ እስቲ ይበሉልኝ» ስትለኝ ላብ ያጠምቀኛል። ትብለጥም ኋላ ተከተለችኝና ቀደመችኝ። ይህን እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

አለቃ ብዙ አየሁ። ከመኪና ሳይወርድ የሚቆጣጠር ነበረ፤ በወር አንዴ መጥቶ ሥራውን ትቶ ስለ ጨጓራው የሚያወራን ነበረ። ደህና ሰዎችም ነበሩ፤ ስለ ደህና ሰው ግን ብዙ የሚባል ነገር የለም። አያ መኩሪያ ጡረታ ወጥቶ ዳባት ከገባና እኔ ካቦ ከሆንኩ በኋላ አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣብን። ክፉ አልነበረም፤ ማሳመር ይወዳል። ከሁሉም ጥምዝ ክፉው ላይ ያለውን ግንባችንን አየና «ይሄ ቀዳዳ ቀዳዳው ምንድን ነው? ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለ እኮ» አለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጡ ነበርና በሲሚንቶ ለስኑት ብሎ አዘዘ።

እንቢ ያልኩ መስሏችሁ ከሆነ፣ አላልኩም። ግንቡ ተለስኖ ሳየው እንደ ባንክ ቤት ያምር ነበር። ጎብኚዎቹ ፎቶ ተነሡ። እኔም ከመሃላቸው ቆሜ ተነሣሁ።

ያ በጥር ነበር። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በሠርግ ሲራወጥ፣ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ውሃው ከግንቡ ጀርባ ተጠራቀመ፣ መውጫ አጣ፣ ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋና ፈነዳ። ሲነጋ ስደርስ የመንገዱ ግማሽ ገደሉ ውስጥ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ይህን ሳስብ ዛሬም አማትባለሁ። ደባርቅ ተመልሼ ስልክ ደወልኩ። ኢንጂነሩ «ማሽን እልካለሁ፣ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ መንገዱ ዝግ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ስመጣ ስለ ሥራህ እንነጋገራለን» አለ። ይህ ቃል በመሥሪያ ቤታችን ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ወደ ጥምዙ ስመለስ መኪናው በላይም በታችም ተደርድሯል። ከታች፣ ከድብ ባሕር የመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሙሽራ አለች። ሠርጉ ደባርቅ ነው። ከላይ ሚዜዎቹ በአበባ ያጌጠ መኪና ይዘው መጥተው፣ በተቆረጠው መንገድ ማዶ ቆመው በእጃቸው ሰላም ይሏታል። በቀረው ጠባብ ጭቃ ላይ የደፈረ ሰው ተራራውን ተደግፎ ይሻገራል፤ ሙሽራ በዚያ ቀሚስ ግን አትሞክረውም። የሙሽራዋ አጎት «ልጅቷን በገመድ እንሳባት እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ሰማዩን አየሁት፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሊዘንብ ነው። ከዘነበ የቀረውም መንገድ ይሄዳል፤ ሙሽራዋም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ እኔም ወደ እርሻ።

«ማሽን አልጠብቅም» አልኳት ትብለጥን።

«ታዲያ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ።

ጀመርን። የወደቀውን ድንጋይ ከታች እያወጣን፣ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ስፋት በደረቅ ግንብ ልናነሣ ነው። ሰው ተሰለፈ። የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ሚዜዎቹ በአዲስ ሱፋቸው፣ አንድ ቄስ፣ አጎትየውም። ሙሽራዋ ከሚኒባሱ ወርዳ ነጭ ጓንቷን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ «ጓንት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» አለችና ገባች። እልልታው ገደሉን ሞላው።

ከላይ በኩል ከቆሙት መኪኖች መካከል አንድ ነጭ ላንድክሩዘር አለ። ወደ አክሱም የሚወርድ የቱሪስት መኪና ነው። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ጠይም ሽማግሌ ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። የጎንደር ነጋዴ መሰሉኝ። ሰው ሁሉ አፈር ሲለብስ እሳቸው በመስኮት ፈገግ ብለው ያያሉ። ደሜ ፈላ። አያ መኩሪያ በለስላሳ የሚለውን እኔ በጩኸት አልኩት፤

«አንቱ! ባለ ባርኔጣው! እግርዎ ነው ወይስ ልብዎ ነው የታመመው?»

አንድ ወጣት ከፊት ወንበር ዘሎ ወረደና ወደ እኔ ሮጠ። ሰለሞን ይባላል፤ ከጎንደር የመጣ አስጎብኚ ነው።

«ጋሼ፣ ዝም ይበሉ በማርያም! የውጭ እንግዳ ናቸው። ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው!»

«የምን ፕሬዚዳንት? የዕድር?»

«የአገር! የሙሉ አገር!» ብሎ የአገራቸውን ስም ነገረኝ። አፍሪካ ውስጥ ያለች፣ ሰምቼ የማላውቃት ትንሽ አገር ናት።

«ናቸው ወይስ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«የነበሩ ከሆነ እንግዲህ አሁን ሥራ የላቸውም። ድንጋይ ያቀብሉ።»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ቄሱ ድንጋይ እንደያዘ ሳቀ። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ሰለሞንን ጠየቁት። ሰለሞን ረጅም ነገር አወራ።

«እኔ ሁለት ቃል ተናገርኩ፣ አንተ ስብከት ታደርገዋለህ?» አልኩት። «እንዳልኩት ንገራቸው።»

ምን እንደነገራቸው እንጃ። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ኮታቸውን ለሾፌሩ ሰጡት። መጥተው በቄሱና በትብለጥ መሃል ቆሙ።

እውነቱን ለመናገር ሥራው አልሆነላቸውም። የመጀመሪያውን ድንጋይ ትብለጥ እግር ሥር ጣሉት።

«ኧረ አባ፣ እንቁላል አይደለም! ያዝ ያድርጉት!» አለቻቸው።

ምን አለች ብለው ጠየቁ። «በርቱ ነው የምትለው» አለ ሰለሞን።

«ውሸታም!» አለች ትብለጥ።

ሥራው ሲሞቅ፣ አያ መኩሪያ መጣ። ግንቡ መፍረሱን ሾፌሮች ዳባት አድርሰው ኖሯል። በሚኒባስ መጥቶ፣ ከሰልፉ ማዶ ወርዶ፣ በዱላው እየተመረኮዘ ወደ እኔ መጣ። የተሰባበረውን ሲሚንቶ በዱላው ጫፍ ገለበጠው። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

«ኖር፣ አያ መኩሪያ» አልኩት። ከሁሉ የተመቸውን ድንጋይ መርጬ፣ ጋቢዬን አጥፌ አነጠፍኩለት። «እርስዎ ዐረፍ ይበሉ። የበቃዎትን ያህል ደክመዋል።»

ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ እጃችንን ያይ ጀመር። ያከበርኩት መሰለኝ።

ለምሳ ዐረፍ አልን። የሙሽራዋ ወገኖች ለሠርጉ የያዙትን ድፎ ዳቦ ቆረሱልን፤ ጠላም ተቀዳ። ውሃ የምትጭን አህያችን ከአጠገባችን ቆማ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ተነሥተው ሄዱና ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን አዩ፤ ሰኮናዋን አንሥተው ጠጠር አወጡላት። አህያዋ፣ እኔን እንኳ የምትረግጠው፣ ዝም አለች።

«የከብት ሐኪም ነበሩ» አለ ሰለሞን። «ከዚያ የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ ፕሬዚዳንት።»

«ሽቅብ ሽቅብ ነው የሄዱት» አለ አጎትየው እያደነቀ።

ቄሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም ልንጠይቀው የፈለግነውን እሱ ጠየቀ። «ለመሆኑ ከመንግሥታቸው ማን አስወጣቸው?»

«ምርጫ ተሸነፉ።»

ማኘካችን ቆመ።

«ከዚያስ?» አለ ቄሱ።

«ከዚያማ ቤታቸው ሄዱ።»

«የት ያለ ቤታቸው? በስደት?»

«እዚያው አገራቸው። ከብት ያረባሉ። ያሸነፋቸው ሰውዬ በበዓል ቀን እየጠራ ምሳ ያበላቸዋል።»

ቄሱ አማተበ። ትብለጥ ሰለሞንን ጠቆመችው፤ «ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እንደዋሸ ነው እኮ!»

ሳቃችንን አይተው ፕሬዚዳንቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ። ሰለሞን ይህን ጊዜ አላስረዘመም። እንዲህ አለኝ፤ «ከቤተ መንግሥት ከወጣሁ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ሰው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ተቀመጡ። ጥሩ ወንበር ያመጣሉ፣ ያከብሩኛል፣ ከዚያ ዞር ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ። ተነሥ ያለኝ ሰው አንተ ነህ ይላሉ። አመሰግናለሁ ይላሉ።»

እኔ ምስጋና አያውቀኝም። ዓይኔን ከሳቸው ላይ ሳነሣ አያ መኩሪያን አየሁት። ያነጠፍኩለት ጋቢ ላይ፣ ጥሩ ድንጋይ ላይ፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ተቀምጧል። አልበላም። ወደ ግንቡ ያያል። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀውም።

ተነሣሁና ፊቱ ቆምኩ።

«አያ መኩሪያ!»

ቀና አለ።

«እግርዎ ነው ወይስ ልብዎ ነው የታመመው?»

ሽማግሌን እንዲህ አይናገሩም፤ ያውም ያስተማረህን። አያ መኩሪያ አየኝ። ከዚያ ያ የሳሳ ፂሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሥቃል! ዱላውን ጣለና ተነሣ።

«ልቤ ነበር» አለኝ። «አሁን ተሻለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበረባችሁ። ግንቡ ላይ ወጥቶ ከእኔ ጎን አጎነበሰ። እኔ ካስቀመጥኩት ድንጋይ ወዲያው ሁለቱን ነቀለብኝ፤ አዞረ፣ ሰደደ። ደስ አለኝ። ድንጋይ ሲነቅልብኝ ደስ ያለኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። ሰልፉ ፈጠነ፤ ሚዜዎቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ፕሬዚዳንቱም «ያዝ! ያዝ!» ማለት ተምረው ከትብለጥ ጋር ይጯጯሃሉ። ደመናው ከበላያችን እየጠቆረ፣ ግንቡ ከሰው ቁመት አልፎ ከመንገዱ ጋር እኩል ደረሰ።

መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ፈለጉ። ከላይኛው የውሃ ዓይን በላይ ያለውን ቦታ አሳየኋቸው። ብዙ ለፉ። ጨርሰው ሲነሡ ድንጋይዋ ጠማማ ናት፤ እንደ ገጣጣ ጥርስ ወደ ውጭ ወጥታለች። አያ መኩሪያ መጣ። እጁን ዘረጋ። ሊነቅላት ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። በመዳፉ ዳሰሳት።

«ይህችን ማን አስቀመጣት?»

«ፕሬዚዳንቱ።»

«ፊቷን አበላሽተውታል» አለ። «ጅራቷ ግን ወደ ተራራው ገብቷል። ትቆይ።»

ሰለሞን ተረጎመ። ሽማግሌው ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረታቸውን ነፉ።

«ውሃ» አለ አያ መኩሪያ።

ከአህያዋ ላይ ጀሪካን ወረደ። ከግንቡ ጀርባ አፈሰሰው። ከዚያ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ፕሬዚዳንቱን በእጁ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጣቸው፤ ከኪሱ ቆሎ ዘገነላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኛ ሁላችን፣ ሙሽራዋም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። ምንም የለም። የኢንጂነሩ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ምንም የለም። አያ መኩሪያ ሌላ ቆሎ ዘገነ።

ከዚያ ከጠማማዋ ድንጋይ ሥር፣ ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ቀጭን ጅረት ሆኖ ወረደ።

«እግዜር ይመስገን» ብሎ ተነሣ።

እልልታውን ደባርቅ ድረስ ሰምተውታል ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ግን ቢሰሙትም አይገርመኝም። ሰው ሁሉ ወርዶ ሚኒባሱ ባዶውን አለፈ፤ ግንቡ አልነቃነቀም። ሙሽራዋ ጓንቷ እንደ ከሰል ጠቁሮ በእግሯ ተሻገረች። ነጩ መኪና ቁልቁል ሲሄድ ፕሬዚዳንቱ በመስኮት ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ «ያዝ!» ይሉ ነበር። ዝናቡ መጣ። እኔና አያ መኩሪያ በትብለጥ ላስቲክ ሥር ሆነን ውሃው በዓይኖቹ ሁሉ ሲወጣ እየተመለከትን ቆየን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ሠርጌን ጨምሮ። ሚስቴ ታንብበው።

ኢንጂነሩ ከቀናት በኋላ ማሽኑን ይዞ መጣ። መኪና ሲመላለስ አየ፣ ግንቡን አየ። ስለ ሥራህ እንነጋገራለን ያለኝ ሰው ስለ ሥራዬ አልተነጋገረም። ሲሚንቶም ዳግመኛ አላመጣብኝም።

ግን ወሬው ተሰማና ሌሎች ሰዎች ቆርቆሮ ይዘው መጡ። «ክቡር ፕሬዚዳንት የነበሩት እገሌ ያቆሙት ግንብ» ይላል። አሁን ማንበብ እችላለሁ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«እሳቸው ያስቀመጡት አንዲት ድንጋይ ነው» አልኳቸው። «እሷም ጠማማ ናት።»

«ለቱሪዝም እኮ ነው፣ አባት» አለኝ አንዱ።

«እንግዲያው የሙሽራዋም ስም ይጻፍ። የቄሱም፣ የአህያዋም።»

ተናደው ሄዱ። ቆርቆሮውን ትተውት ነበር፤ ትብለጥ የዶሮዎቿ ቤት ጣሪያ አደረገችው። በትክክለኛው አቅጣጫ፣ ወደ ላይ እንዲነበብ። ለአሞራው።

ከዚያ በኋላ አስፋልት መጣ፣ ማሽን በዛ፣ ቡድናችን አነሰ። አያ መኩሪያ ሞተ፤ ዳባት ቀበርነው። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ስንደረድር፣ ጅራቱን ወደ ውስጥ እያደረግን፣ ትብለጥ አለቀሰች፤ እኔ ዓይኔ ውስጥ አፈር ገብቶ ነበር። እሷ ካቦ ሆነች። እኔ ሰዓትና ጋቢ ተሰጠኝ።

ያኔ ነው የፕሬዚዳንቱ ነገር አጥንቴ ውስጥ የገባው። ሰፈር ስወጣ «ኖር፣ ጋሼ ሞላ፣ ይቀመጡ!» ዕድር ስሄድ «ይቀመጡ!» የልጄ ቤት ስሄድ ሶፋ! ሰው ያከብረኛል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ሥራውን ይሠራል። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ለሚስቴ የምነግራት ስድብ እንኳ አለቀብኝ።

ባለፈው ክረምት የሸለሙኝን ጋቢ ደርቤ ድብ ባሕር ወዳለችው ልጄ በሚኒባስ ስወርድ መኪናው ቆመ። ናዳ ነው። ግንባችን ደህና ነው፤ ከሩቅ ጠማማዋን ድንጋይ አየኋት፣ ውሃ ከሥሯ ይወርዳል። ከዚያ ማዶ ነው አፈሩ የወረደው። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እኔም ለመውረድ እግሬን ሳነሣ አንድ የሚያውቀኝ የደባርቅ ጎረምሳ ትከሻዬን ያዘኝ። «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለን» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ተቀመጥኩ። በመስኮት ሰው ሲሰለፍ፣ ድንጋይ ሲቀባበል አየሁ። ረጅሙን ጎን በውጭ የሚያጋድመውን አየሁና ጥርሴን ነከስኩ። ትብለጥ ከላይ ሆና ታዛለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ፊቷ ወደ መኪናው ዞረ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቆመ። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቱ! ባለ ጋቢው!» ብላ ጮኸች። «እግርዎ ነው ወይስ ልብዎ ነው የታመመው?»

ጎረምሳው ደነገጠ። «ኧረ እታለም፣ ሽማግሌ ናቸው! የመንገድ ሥራ ካቦ የነበሩ ናቸው!» አላት።

«የነበሩ ከሆነ ድንጋይ ያቀብሉ!»

ጋቢውን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ እንደዚያ መታጠፍ የተወው ቆይቶ ነበር። ሰልፉ ቦታ ለቀቀልኝ። ከጎኔ ያለው ሰው ድንጋይ ዘረጋልኝ፤ በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ፊቱን አገኘሁት፣ ጅራቱን አገኘሁት።

«ልቤ ነበር» ብዬ ጮህኩላት። «አሁን ተሻለኝ!»